ሳይቃጠል በቅጠል፦ ርስት በመፈክር ብቻ አይጠበቅም

ወገኔ፣ ረጅም ነው ብለህ እንዳታልፈው። ስለ ወሰንና ስለ ካርታ ስንጽፍ እስከ መጨረሻው ታነባለህ፤ ይሄም ስለ ርስት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ የሚመጣው ጠላት ታንክ የለውም። አንድ ክብሪት ይበቃዋል። አንዳንዴ ክብሪትም አያስፈልገውም፤ ከማር ቆራጭ ጭስ የወደቀች ፍም፣ በደንብ ያልጠፋ የከሰል ጉድጓድ፣ ከመኪና መስኮት የተወረወረ የሲጋራ ቁራጭ ሥራውን ይሠራለታል።

በጋው ገብቷል። ከኮምቦልቻ ቀና ብለህ የጎፍን እየው። ከደሴ ቀና ብለህ ጦሳን እየው። ክረምት ላይ ፎቶ የተነሳንበት አረንጓዴ ሣር ዛሬ ቢጫ ነው። ከአሁን ጀምሮ በየቀኑ እየደረቀ ይሄዳል፤ የበልጉ ዝናብ ከቀረ ደግሞ እስከ ሰኔ እፎይታ የለም።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነገ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የጎፍ ወገብ ላይ ጭስ ቢታይ ማን ነው የሚወጣው? በየት በኩል? ምን ይዞ? አዛዡስ ማን ነው? የሚደወልበትን ስልክ የምታውቁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። እኔ የምፈራው ኮሜንቱ ባዶ እንዳይሆን ነው።

ባዶ ሲሆን ምን እንደሚመጣ አይተነዋል እኮ! መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነደደ። ይሄ ተራ ጫካ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከላሊበላ ጋር በአንድ ጊዜ ነው የተመዘገበው። ዋልያ ከዚያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ፓርኩ ከ1989 ጀምሮ “አደጋ ላይ ያለ ቅርስ” የሚል ታርጋ ተለጥፎበት ኖሮ በ2009 ነበር ከዚያ መዝገብ የወጣው። ደስታችን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጓሳው ነደደ፣ አስታው ነደደ።

ያኔ በእጃችን ምን ነበር? ቅጠል። የደባርቅና የአካባቢው ገበሬ፣ ወጣቱ፣ ስካውቱ ቅርንጫፍ ቆርጦ ገደል እየወጣ እሳቱን በቅጠል ደበደበ። ጠፋ ሲባል እንደገና ተነሳ። በመጨረሻ መንግሥት ወደ ውጭ እጁን ዘረጋ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጡ። ለመጡት ምስጋና ይግባቸው። ግን ልብ በሉ፦ በአፍሪካ ትልቁን አየር መንገድ አለኝ የሚል አገር፣ ተራራው ሲቃጠል ውሃ የሚረጭ አንድ ሄሊኮፕተር ከጎረቤት ተበደረ።

ያውም የመጀመሪያው አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የደቡቡ ቦረና ደኖች ለሳምንታት ነደዋል። የወደመው ከ100,000 ሄክታር በላይ ነበር። ያኔም ባለሙያ ከባሕር ማዶ ነው የመጣው። ያኔም ተማሪ በአውቶቡስ ተጭኖ እሳት ለማጥፋት ዘምቷል። ኦሮሚያ ውስጥ ደግሞ ተማሪው “መንግሥት እያየ ዘገየ” ብሎ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ከ1992 እስከ 2011 ስንት ዓመት ነው? 19 ዓመት! ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አገሪቱ ግን እዚያው ቅጠሏን ይዛ ቆማለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

አሁን “ሰሜን ተራሮች ሩቅ ነው፣ ምን አገናኘው?” የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ቅርብ እንምጣ። እዚሁ ደቡብ ወሎ ደንቆሮ ጫቃ አለልህ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የምንለው። ያው ጓሳ፣ ያው አስታ፣ ያው ጭላዳ፣ ያው ቀይ ቀበሮ። ያው ገደል። ሰሜንን ያቃጠለ ነገር ሁሉ እዚያ አለ። ከሰሜን የሚለየው የውጭ ቱሪስትና ካሜራ ስለማይበዛበት ቢቃጠል እንኳ ዜና ለመሆን ቀናት መፍጀቱ ነው።

እሳት እንዴት እንደሚሄድ ሳይገባን ስለ መከላከል ማውራት ዋጋ የለውም። ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፦ የሚነድ ነገር፣ ደረቅ አየርና ተዳፋት። ወሎ ሦስቱም ሞልቷታል።

የሚነደው ነገር ምንድን ነው? ሰው ዛፍ ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚይዘው ሣሩ ነው። ከዚያ ቁጥቋጦውና የወደቀው ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ግንዱ። አስታ እርጥብ መስሎህ እንኳ በውስጡ ባለው ዘይት ቦግ ይላል። ባህር ዛፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቅጠሉ ዘይት ነው፣ የሚላጠው ልጡ እየነደደ በነፋስ ተንሳፍፎ ራቅ ብሎ ይወድቅና እዚያ አዲስ እሳት ይጀምራል። የጎፍ ላይ ጥዱና ወይራው አለ፤ ከጎኑ ተደርድሮ የተተከለው የፈረንጅ ጥድና ባህር ዛፍም አለ። ሥሩ ካልተጠረገ፣ የታችኛው ቅርንጫፉ ካልተመለመለ፣ እሳቱ ከሣር ወደ ጫፍ የሚወጣበት መሰላል ሠርተንለታል ማለት ነው።

አየሩንስ? ከጥር እስከ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም ይነሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይሄዳል። እሳትም አብሮት ይወጣል። ባለሙያዎች የሚሉት አንድ ቀላል ስሌት አለ፦ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይ የሚሮጥ እሳት ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በሐረጎ ጠመዝማዛ የወጣ ሰው የእኛ ተዳፋት ስንት ዲግሪ እንደሆነ አይጠይቀኝም። እዚያ ላይ የተነሳ እሳት ከሰው ይፈጥናል። የከተማው የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ አስፋልት ነው የሚያውቀው፤ የጎፍ ወገብ ላይ ሊወጣ አይችልም።

ከተቃጠለ በኋላ ያለው ነገር ይብሳል። ሣርና ሥር ያልያዘው አፈር የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ይወርዳል። የሚወርደው ወዴት ነው? ደሴ በተራራ መሃል የተቀመጠች፣ መሬት መንሸራተትን ከድሮም የምታውቅ ከተማ ነች። ኮምቦልቻ ከየጎፍ ሥር፣ ከቦርከና ዳር ነች። በሚያዝያ የነደደው ተራራ በሐምሌ ጎርፍ ሆኖ ቤትህ ይገባል። ምንጩ ደግሞ ይነጥፋል። ጀሪካን ተሸክማ የምትሰለፈው እህትህ የምትጠብቀው ውሃ ከተራራው ነው የሚመጣው፤ ተራራው ራሰ በራ ሲሆን ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ “የዛፍ ጉዳይ” የሚባል ነገር የለም። የቤትና የውሃ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ አለቆቻችን።

በዚያው 2011 ዓ.ም.፣ ሰሜን ከነደደ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን ላይ አገሪቱ በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተከልኩ ብላ ዓለምን አስደመመች። የዚያ ክረምት ዕቅድ 4 ቢሊዮን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቢሊዮን በቢሊዮን ላይ ሲቆጠር እንሰማለን። መትከልን አልቃወምም፤ የሚቃወም ካለ ሞኝ ነው። የምጠይቀው ግን ይሄን ነው፦ በሐምሌ ችግኝ የሚቆጥረው ሰውዬ በየካቲት የት ነው ያለው? ለተከላው ኮፍያና ቲሸርት ይታተማል፣ ድሮን ይነሳል፣ ባለሥልጣን ነጭ ጫማ አድርጎ ይመጣል። የእሳት መከላከያ መስመር ሲጠረግ የመጣ ባለሥልጣን አይታችኋል? የደረቀ ሣር ሲታጨድ በቀጥታ የተላለፈ ፕሮግራም አለ? ጥበቃ ፎቶ አይወጣለትም። በዚህ ምክንያት ብቻ በጀት አያገኝም።

የተተከለውን ቁጥር ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የጸደቀውን ማን ያውቃል? የተቃጠለውንስ? ልጅ መውለዱን በከበሮ የሚያውጅ፣ ማሳደጉን ግን ለጎረቤት የሚተው አባት ምን ይባላል?

ደግሞ ይሄ በወሎ የመጀመሪያ አይደለም። አባቶቻችን ይነግሩናል። ከ1977ቱ ድርቅ በፊትም በኋላም በዚህ ተራራ ላይ እርከን ተሠርቷል፣ ችግኝ ተተክሏል፤ ገበሬው በስንዴና በዘይት ክፍያ እየወጣ ነው የሠራው። ብዙው ጸድቆ ነበር። 1983 ላይ መንግሥት ሲወድቅ ምን ሆነ? ሕዝቡ በመጥረቢያ ወጣበት። ለምን? ክፉ ስለሆነ ነው? አይደለም። ዛፉ የእሱ መሆኑን ማንም ስላልነገረው ነው። ከላይ መጥቶ የተከለበት መንግሥት ሲሄድ ዛፉም የሄደው መንግሥት ንብረት ሆኖ ታየው። የዛሬው ተከላም በዚያው መንገድ ከሄደ መጨረሻው ያው ነው፤ ወይ መጥረቢያ ወይ እሳት። ባለቤት የሌለውን ነገር እሳት ሲይዘው ቁሞ የሚያይ እንጂ የሚሮጥ አይገኝም።

ሕጉ እኮ አለ! የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። ሕዝብ ተደራጅቶ የደን ባለይዞታ መሆን ይችላል ይላል። ደንን በእሳት ያወደመም በእስራት እንደሚቀጣ በሕግ ተቀምጧል። እስር ቤቱ በወረቀት ላይ አለ፤ የባለቤትነት ደብተሩ ግን በስንት ቀበሌ ገበሬ እጅ ገባ? ቅጣቱን ብቻ ለገበሬው ማንበብ፣ መብቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ሕግ ማስከበር አይባልም።

እስከዚህ ድረስ ጽሑፉን እየወደድከው ነበር አይደል? አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

እኛ ሜዳ ላይ የሌለን፣ ስክሪን ላይ ግን አንደኛ የሆንን ትውልድ ነን። ተራራ ሲቃጠል መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ምንድን ነው? “እነ እንትና ሆን ብለው አቃጠሉት” ብለን መለጠፍ። ማስረጃ የለም። ምርመራ የለም። ጭሱ ገና አልጠፋም። ልጥፉ ግን 3,000 ሼር ሆኗል።

ወንድሜ፣ ሆን ብሎ የሚያቃጥል የለም አላልኩም። ካለ ይያዝ፣ ይመርመር፣ ይፈረድበት። ግን ወሎ ውስጥ እንደምትኖር አትርሳ። እዚህ እስላምና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት የሚያድግበት፣ አማራና ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚውልበት አገር ነው። ያለ ማስረጃ “የዚያኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው” ብለህ የጻፍካት አንዲት መስመር ከፍሙ በላይ ሁለተኛ እሳት ናት። የተራራው እሳት ሣር ያቃጥላል፤ ያቺኛዋ ሰው ታቃጥላለች። ቤት ስታቃጥል ደግሞ አንተ ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ተኝተሃል።

ሌላም ጉዳት አላት። ሁሉን ነገር “ጠላት አቃጠለው” ስትል ማንን ነፃ እያወጣህ እንደሆነ አስበኸዋል? የእሳት መከላከያ መስመር ያላስጠረገውን ኃላፊ! ጠባቂ ያልቀጠረውን ቢሮ! እሱማ በጣም ነው የሚያመሰግንህ። ጥፋቱን ለማይታይ ጠላት አሸክመህለት እሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኛም እሳቱ ካለፈ በኋላ እንጮሃለን፤ የምንጮኸውም ወደተሳሳተ አቅጣጫ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ እሳቱን ማን ነው የሚያስነሳው? የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ንብ ለማባረር ጭስ ይዞ ዛፍ የሚወጣ ማር ቆራጭ። ለከብቶቹ አዲስ ሣር እንዲያበቅልለት አሮጌውን የሚለኩስ እረኛ። ማሳ ለማስፋት ምንጣሮውን የሚያቃጥል ገበሬ። ከሰል የምታከስል እናት። ያቺ እናት ደግሞ ለምን ታከስላለች? ከተሜው እኔና አንተ ስለምንገዛት! ደሴና ኮምቦልቻ በ2014ቱ ወረራ መብራት ጠፍቶባቸው የከረሙ ከተሞች ናቸው። ያኔ ከሰል ነው ያበሰለልን። ዛሬም መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ከሰል ነው። ስለዚህ እሷን ጠላት ብለን ብናስራት ነገ ሌላዋ ትተካለች። ማር ቆራጩ ዘመናዊ ቀፎ ቢኖረው ዛፍ ሥር ፍም ይዞ አይሄድም። እረኛው ሣሩን አጭዶ መውሰድ ቢፈቀድለት አይለኩሰውም። ያውም ታጭዶ የወጣ ሣር ማለት እሳቱ የሚበላውን ነገር ከፊቱ ማንሳት ነው። አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ወፍ።

ይሄን ፈረንጅ አላስተማረንም። ከእኛ በስተደቡብ መንዝ ጓሳ አለ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ጓሳውን የሚጠብቅበት ሥርዓት ነበረው፤ ስሙ ቄሮ ይባላል። ስሙን ሰምተህ እንዳትደነግጥ፤ የመንዞች ሥርዓት ነው፣ ከማንም ፖለቲካ በፊት የነበረ። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ ይመርጡና ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ጊዜው ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሁሉም በሥርዓት አጭዶ ለቤቱ ክዳን ይወስዳል። የደፈረ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። የአካባቢው ሰው ግን በኋላ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ዛሬም ጓሳው አለ፤ ቀይ ቀበሮው አለ፤ ጭላዳው አለ። 400 ዓመት ገደማ የቆየው በፖሊስ ብዛት አይደለም። የሚጠብቀው ሰው የሚጠቀመው ሰው ራሱ ስለሆነ ነው።

ወሎስ ምን አላት? ቅሬ አላት! ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚመስለው ካለ ወሎን አያውቃትም። ጥሩንባ ሲነፋ የማይወጣ ሰው ማን ነው? ሀብታሙም ደሃውም፣ ሼሁም ቄሱም ይወጣል። ያልወጣ ይቀጣል። የቅሬ ዳኛ አለ፣ ሰው የሚቆጥር አለ፣ ዕቃ የሚይዝ አለ። በዓለም ላይ ያሉ አገሮች የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ለማደራጀት ስንት ገንዘብ ያወጣሉ። እኛ ድርጅቱ ተሠርቶ፣ ሕዝቡ ተመዝግቦ፣ መጥሪያው ጥሩንባ ሆኖ ቁጭ ብሏል። የጎደለው አንድ ስብሰባና ጥቂት መሣሪያ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይሄ ነው። ለደቡብ ወሎ ዞን፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች፣ ደን ይመለከተኛል ለሚል ቢሮ ሁሉ፦

1ኛ፦ የእሳት መከላከያ መስመር። የጎፍ፣ ጦሳ፣ ደንቆሮ ጫቃ ላይ የት የት አለ? መቼ ነው የተጠረገው? ካለ አሳዩን፣ በአደባባይ እናመሰግናለን። ከሌለ በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይጠረግ። አንዴ ተጠርጎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ሣር በየክረምቱ ይበቅላል።

2ኛ፦ ጠባቂ። ከጥር እስከ ሚያዝያ በየከፍታው ላይ በፈረቃ የሚቀመጥ፣ ስልክና ማጉያ መነጽር ያለው፣ ደመወዝ የሚከፈለው ወጣት ይቀጠር። ዲግሪያችንን ፍሬም ውስጥ አስገብተን ፒያሳ ላይ ጀበና ቡና የምንጠጣ ስንት ነን? ሥራ ፈጠራ በሚል ስብሰባ ላይ አበል ከምትበሉ ይሄን ሥራ ፍጠሩ። የአራት ወር ደመወዝ ከአንድ ቀን የተከላ ድግስ ይረክሳል።

3ኛ፦ በየቅሬው የእሳት ቡድን። አካፋ፣ ዶማ፣ ማጭድ፣ ገጀራ፣ ገበሬው ጸረ ተባይ የሚረጭበት በጀርባ የሚታዘል መርጫ። እነዚህ ብርቅ ዕቃዎች አይደሉም። መርጫው ታጥቦ ውሃ ሲሞላ ጥሩ የእሳት ማጥፊያ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ሥልጠናውን ይስጥ።

4ኛ፦ የባለቤትነት ደብተር። በአዋጁ መሠረት ደኑ ለአካባቢው ሕዝብ በስሙ ይሰጥ። ሣሩን አጭዶ፣ የወደቀ እንጨቱን ሰብስቦ፣ ማሩን ቆርጦ ይጠቀም። ያን ጊዜ ማንም ሳይቀሰቅሰው ይጠብቀዋል።

5ኛ፦ አንድ ስልክ፣ አንድ አዛዥ። ጭስ ያየ ሰው ለማን እንደሚደውል በየመስጊዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየገበያው ይነገር።

6ኛ፦ እሳት ከተነሳ በኋላ በገለልተኛ ባለሙያ ይጣራ፤ ውጤቱም ይፋ ይሁን። ወሬ የሚሞተው በእውነት ብቻ ነው።

ለእኛም የቤት ሥራ አለን። መንግሥት እስኪሰማ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። በዚህ ሳምንት የየሰፈርህን የቅሬ ዳኛ አናግር። 10 ልጅ ስሙን ይስጥ። እሁድ ጠዋት ማጭድ ይዘን ከቀበሌውና ከደን ባለሙያው ጋር ተነጋግረን እንውጣ። በራስህ ፈቃድ ዛፍ አትቁረጥ፤ በተለይ “እሳትን በእሳት” ብለህ መለኮስን ለባለሙያ ተው።

እሳት ከተነሳ ደግሞ ጀግንነት ማለት ውስጡ መዝለል አይደለም። ይሄን ያዝ፦ ነበልባሉ ከወገብህ በታች ከሆነ በቅጠልና በአፈር ትችለዋለህ፤ ከዚያ ካለፈ ሽሽ፣ መስመር ጠርገህ ራቅ ብለህ ጠብቀው። ከእሳቱ በላይ በተዳፋቱ ላይ በጭራሽ አትቁም፤ ወደ ላይ ሲሮጥ ይቀድምሃል። ከጎኑ፣ ከተቃጠለው በኩል ግባ። መውጫህን ሳታይ አትግባ። የናይለን ማሊያህን አውልቅ፤ ቆዳህ ላይ ይቀልጣል፤ የጥጥ ልብስ ልበስ። ብቻህን አትሂድ። ጠፋ ብለህ አትመለስ፤ ከሥሩ ያለውን ፍም በአፈር ቅበር፣ ሌሊቱን የሚጠብቅ ሰው ተው። ሰሜን ላይ “ጠፋ” የተባለው እሳት ነው እንደገና የተነሳው።

“ሰው እየሞተ፣ ሰው እየተፈናቀለ ስለ ዛፍ ታወራለህ?” የምትለኝ እንዳለህ አውቃለሁ። እሰማሃለሁ። እኔም እዚሁ ነው ያለሁት፤ ያየኸውን ሁሉ አይቻለሁ። ግን ንገረኝ፣ ወሎ በ1966ና በ1977 የሞተችው በጥይት ነው? መሬቱ ተራቁቶ፣ ዝናብ ሲቀር የሚይዘው አጥቶ፣ መንግሥትም ሸሽጎና ዘግይቶ ነው ሰው ያለቀው። የተራቆተ ተራራ የረሃብ በር ነው። ህልውና ህልውና ስንል ይሄም ህልውና ነው።

“ሄሊኮፕተር ሳይኖረን ምን እናደርጋለን?” የምትለውም አለህ። በ2011 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ በሰዓታት ውስጥ ነደደች፤ 85 ሰው ሞተ። እዚያ አገር አውሮፕላኑም ሄሊኮፕተሩም ሞልቷል። ነፋስና ድርቅ ከተባበሩ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ እሳት የሚሸነፈው ከመነሳቱ በፊት ነው። ለዚያ ደግሞ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም፤ ማጭድ ያስፈልጋል። ማጭድ አለን።

አያቶቻችን አሳጥረው ተናግረውታል፦ ሳይቃጠል በቅጠል። እኛ ግን ተረቱን ገልብጠነው ከተቃጠለ በኋላ ነው ቅጠል የምንቆርጠው።

ርስቴ የምትለው መሬት ካርታ ላይ ያለ መስመር ብቻ አይደለም። መስመሩ ውስጥ ያለው አፈር፣ ምንጭ፣ ጥድ፣ ጓሳ ነው። አመድ የሆነ ተራራ ላይ ባንዲራ ብትተክል ነፋሱ አመዱን አይንህ ውስጥ ነው የሚበትነው።

ዘንድሮ የጎፍና ጦሳ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ጭስ ሳይሆን የማጭድ ድምፅ ይሁን። የሰፈራችሁን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ስንት ልጅ እንዳላችሁና ምን መሣሪያ እንደሚጎድላችሁም ጨምሩ። ከዚያ ሼር አድርጉት። ሼር አድርጋችሁ ግን አትተኙ፤ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከነማጭዳችሁ እንገናኝ።